የአንድ የበቆሎ እባብ ወጪ

ጃንዋሪ 8፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛችው ልጄ ዴሊያ ናት። የገዛችው ለእኔ ሳይሆን ለእባቧ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በራሷ እጅ «ቀን፣ ሙቀት፣ በላ ወይስ አልበላ፣ ቆዳውን ጣለ ወይስ አልጣለ» ብላ አስምራልኛለች። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በክር ፋብሪካ የሽመና ማሽን ስጠግን መዝገብ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህ አይከብደኝም። ግን መስመሮቹ ጠባብ ናቸው፤ የሰው ሐሳብ አይገባባቸውም። ስለዚህ የራሴን ከኋለኛው ገጽ ጀምሬያለሁ።

ዴሊያ ትናንት ወደ ሲያትል በረረች። ከእኛ ከደቡብ ካሮላይና እስከዚያ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ማይል ነው። ከዚያ ወዲያ መራቅ ብትፈልግ ያለው ባሕር ነው። ሁለት ዓመት የተማረችውን ነርስነት ትታ፣ መኪናና ሰው በምታሻግር መርከብ ላይ ሥራ ይዛለች። የተከራየችበት ቤት እባብ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ግሪትስ እዚሁ እሷ ክፍል ውስጥ ቀረ። ግሪትስ የቁርሳችን የበቆሎ ገንፎ ነው። እንስሳው የበቆሎ እባብ ስለሆነ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ያንን ስም አወጣችለት። ብርቱካንማና ቀይ ነው፤ አራት ጫማ ተኩል ይረዝማል። መርዝ የለውም፤ ሥራም የለውም።

ገና ዕለት ማዕድ ላይ አንድ ነገር ተናግሬ ነበር። ስለሱ እዚህ አልጽፍም፤ ይህ የእባብ መዝገብ ነው።

ሙቀት 87 ፋራናይት። አልበላም፤ ቀኑ አይደለም።

ጃንዋሪ 10፣ ረቡዕ

የዕቃው ዝርዝር ፍሪጁ በር ላይ ተለጥፏል። የመስታወት ሳጥኑንና የሚቆለፈውን ክዳን ዴሊያ ድሮ ገዝታዋለች። ከሳጥኑ ሥር የማሞቂያ ምንጣፍ አለ። ምንጣፉ እባቡን እንዳይጠብሰው የሚቆጣጠር መሣሪያ አለ። መሣሪያው እንዳይዋሽ ደግሞ የሚመሰክርበት ቴርሞሜትር አለ። መደበቂያው ሁለት ነው፤ አንዱ በሞቃቱ በኩል፣ አንዱ በቀዝቃዛው። እኔ በአንድ ቤት ስኖር እሱ ክረምት ቤትና በጋ ቤት አለው።

መቆጣጠሪያው ዛሬ ሞተብኝ። ልጠግነው ፈታሁት፤ ስገጥመው ሦስት ብሎን ተረፈኝ። አዲሱ 41 ዶላር።

አያቴ በበቆሎ ጎተራው ውስጥ ከነዚህ እባቦች አራት አምስት ነበሩት። አንድ ሳንቲም አላወጣባቸውም። አይጡን ራሳቸው አድነው ይበሉ ነበር፤ እሱም ሲያገኛቸው ኮፍያውን ነካ አድርጎ ያልፋቸዋል። የእኔው ጌታ ግን አይጡ በበረዶ ታሽጎ በፖስታ ይመጣለታል፤ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ፣ ሙቅ ውሃ ተነክሮ፣ ተጠርጎ፣ በረጅም መቆንጠጫ ይቀርብለታል። ሃያ አምስት አይጥ ከነማጓጓዣው 52 ዶላር። እኔ በሕይወቴ ምግብ በፖስታ አዝዤ አላውቅም።

ጃንዋሪ 14፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስገባ ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ፣ ግሪትስ በላ?»

«ትናንት በላ።»

«በጭንቅላቱ በኩል ነው የጀመረው?»

«በየት በኩል ሊጀምር ኖሯል? በሥርዓት ነው የበላው።»

«ውሃውን ቀየርክለት?»

«ቀየርኩ።»

«ክዳኑንስ ቆለፍክ?»

«ቆለፍኩ።»

«ጎበዝ። በል ቻው።»

ስልኩ አራት ደቂቃ ይላል። አገሩ ይበርዳል ወይ፣ ጫማሽ ውሃ ያስገባል ወይ ብዬ ልጠይቃት ነበር፤ ትዝ ያለኝ ቻው ካለች በኋላ ነው። ለሚመጣው እሑድ በወረቀት ጽፌ እይዛለሁ።

ጃንዋሪ 17

እህቴ ኦሬሊያ አይስክሬም ልታወጣ ፍሪዘሩን ከፈተች። እኔ ሳሎን ነበርኩ። ፍሪዘሩ በዝግታ ተዘጋ።

«ሆሊስ፣ እዚህ ያስቀመጥከው ምንድን ነው?»

«አይጥ ነው።»

«አይጥ መሆኑንማ ዓይን አለኝ። ከእኔ ባሚያ ጋር ምን ያደርጋል ነው የምልህ?»

«ባሚያሽን አይነካም፤ ሞቷል።»

በስልሳ ስድስት ዓመትህ የእባብ ወጥ ቤት ሆንክ አለችኝ። ያን ቀበቶ ጫካ ልቀቀውና እንደ ወንድሞቹ ሠርቶ ይብላም አለች። የዴሊያ አደራ ነው አልኳት። «የዴሊያ አደራ እንዲህ ካሳሰበህ፣ ገና ዕለት አፍህን ትይዝ ነበር» አለችና አይስክሬሙን ሳትበላ ሄደች። ኦሬሊያ እኮ አይስክሬም አትተውም ነበር።

ጃንዋሪ 21፣ እሑድ

አራት ደቂቃ። ወረቀቱን መኪና ውስጥ ረሳሁት።

ጃንዋሪ 23

በላ። ሙቀት 88። ሆዱ ላይ አይጡ እንደ ጉብታ ይታያል። ዴሊያ ለሁለት ቀን አትንካው ብላኛለች፤ አልነካሁትም። በሩ ላይ ቆሜ ብቻ አየሁት።

ጃንዋሪ 27፣ ቅዳሜ

ዛሬ ብልህ ሥራ ሠራሁ። የሳጥኑ ምንጣፍ የአስፐን እንጨት ፍቅፋቂ ነው፤ አንዱ ከረጢት 26 ዶላር። መኖ መሸጫው ጋ የቀይ ጥድ ፍቅፋቂ ለውሻ ቤት በ9 ዶላር ይሸጣሉ። ጥድ ደግሞ ጥድ ነው። እናቴ ብርድ ልብሷን ሁሉ በጥድ ሣጥን ነበር የምታኖረው፤ አንድ ብል ነክቶት አያውቅም። ውሾቻችንም ጥድ ላይ ተኝተው ነው ያረጁት። አሮጌውን ጠርጌ በጥድ ሞላሁለት። ክፍሉ የእናቴን ቤት ሸተተ። አሥራ ሰባት ዶላር ተረፈኝ።

እሑድ ስትደውል እነግራታለሁ። ብልሃቱን ትወድልኛለች።

ጃንዋሪ 28፣ እሑድ

አልነገርኳትም፤ ቸኩላ ነበር። ሦስት ደቂቃ።

ጃንዋሪ 31

ያፏጫል። ራዲዮው መስሎኝ ሄጄ አጠፋሁት። ራዲዮው አልነበረም።

ፌብሩዋሪ 1፣ ሐሙስ

አፉን ከፍቶ ነው የሚተነፍሰው። ጭንቅላቱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ አፉ ዳር አረፋ አለ። ከተማ ያለው የእባብና የኤሊ ዕቃ መሸጫ ድረስ ነዳሁ። የምትሠራው ወይዘሪት ፒንክኒ ናት፤ ክንዷ ላይ እንቁራሪት ተነቅሳለች። የሆነውን ነገርኳት።

«አቶ ሆሊስ፣ ከሥሩ ምን አነጠፉለት?»

«ጥድ። ምርጡን ቀይ ጥድ።»

የያዘችውን ጣሳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ጥድ ለእኛ ነው ደስ የሚል ሽታ ያለው። ለእሱ መርዝ ነው። ብል የሚያባርረው እኮ መርዝ ስለሆነ ነው። ይሄ እንስሳ ደግሞ በደንብ የሚሠራለት ሳንባ አንድ ነው፤ እሱን ነው ያቃጠሉበት።»

«ውሾቼ ተኝተውበት ነው ያረጁት።»

«ውሻዎ ይነሳና በረንዳ ይወጣል፤ እሱ የት ይውጣ? ቆልፈውበታል እኮ።»

ልጅቷ ክፉ አይደለችም። አስፐኑን ተሸክማ እስከ መኪናዬ አደረሰችልኝ።

ፌብሩዋሪ 2፣ ዓርብ

እባብ የሚያክም ሐኪም ያለው ሰባ ማይል ርቆ፣ የግዛታችን ዋና ከተማ ኮሎምቢያ ነው። ከትራስ ልብስ ውስጥ ከትቼ፣ የመኪናውን ማሞቂያ ከፍቼ፣ እኔ በሸሚዝ እያላበኝ ሄድን። የምርመራ 118። መድኃኒትና መርፌ 74። ዶክተሯ ሰባት መርፌ በየሦስት ቀኑ ይወጉታል አለችኝ።

«እኔ?»

«እርስዎ። በየሦስት ቀኑ ሰባ ማይል ካላመላለሱት በቀር።»

በየጊዜው እንዲመዘንም አዘዘች፤ የወጥ ቤት ሚዛን 19 ዶላር። አስፐን 26፣ ቤንዚን 31። ያተረፍኩት አሥራ ሰባት ዶላር እስካሁን ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት አስወጥቶኛል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ገንዘቡን የምቆጥረው ዋናውን ነገር ላለመጻፍ ነው። ይህ እባብ ከሞተ እሑድ እሑድ ስልኩ ለምን ይጮሃል? ልጄ እኔን ፈልጋ ደውላ አታውቅም፤ የምትደውለው ለእሱ ነው። እኔ ስልኩን አንስቼ የእሱን ወሬ የማቀብል ሰው ነኝ። እሱ ከሌለ እኔም የለሁም።

ፌብሩዋሪ 4፣ እሑድ

«በላ?»

«በላ።»

ሌላ ምን እላለሁ።

ፌብሩዋሪ 5

አንድ ሰው እባብ ይዞ አንድ ሰው መውጋት አለበት። በዚህ ቤት አንድ ሰው ነው ያለው። ኦሬሊያን ጠራሁ። የምድጃ ጓንቷን እስከ ክርኗ አጥልቃ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ያዘችው።

«ወጋኸው?»

«ገና ነው።»

«አሁንስ?»

«ከቅርፊቱ መሃል ቦታ እየፈለግሁ ነው፤ አታጣድፊኝ።»

«የእባብ ጭራ ይዤ ነው የማላጣድፍህ? ጌታ ሆይ፣ እንዲህ ሆኜ እንዳትወስደኝ፤ ሬሳዬን የሚያዩት ሰዎች ምን ይላሉ።»

ወጋሁት። አልነከሰም፤ ኦሬሊያን ብቻ ዞር ብሎ አያት። ስትወጣ በር ላይ ቆማ ዴሊያ ታውቃለች ወይ አለችኝ። አታውቅም፣ እንዳትነግሪያት አልኳት። «እኔ ምን አገባኝ» አለች።

ፌብሩዋሪ 11፣ እሑድ

ሦስተኛው መርፌ። ኦሬሊያ ጓንቷን ረስታ መጣችና በባዶ እጇ ያዘችው።

ዴሊያ ፎቶ ላክልኝ፣ ናፈቀኝ አለች። የናፈቃት ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ዛሬ ሳነሳው አፉ ክፍት ሆኖ ወጣ፤ ስለዚህ በጃንዋሪ መጀመሪያ ያነሳሁትን ላክሁ። ደቂቃም አልቆየች።

«አባዬ፣ የገናን መብራት እስካሁን አላወረድክም እንዴ? መስኮቱ ላይ ይታያል።»

«ሰንፌ ነው» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ መሰላል አውጥቼ መብራቱን ካስቀመጥኩበት ከጣሪያ ሥር አወረድኩና መልሼ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት። ሌላ ፎቶ ብትጠይቅስ?

ፌብሩዋሪ 18፣ እሑድ

ዛሬ በቤተ ክርስቲያን የምሳ አዳራሽ የድንች ሰላጣ ስቀዳ ከጀርባዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ሆሊስ ታትም እባብ እያስታመመ ነው አሉ።»

«ሚስቱ ስትሄድ አንድ ቀን ተከትሎ አልነዳም፤ ለእባብ ግን ኮሎምቢያ ድረስ ነዳ።»

ሰላጣውን መልሼ ልተወው አሰብኩ። ግን የኦሬሊያ ሰላጣ ስለነበረ በላሁት።

ተሳስተዋል። ሚስቴ ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ያኔ መኪናው ተበላሽቶ ነበር። ጠግኜው ስጨርስ ሳምንት አለፈ። ከሳምንት በኋላ ተከትሎ መሄድ ደግሞ ምን ትርጉም አለው ብዬ ነው።

እውነቱን ለመናገር የተበላሸው ማፍሰሻ ቱቦ ብቻ ነበር። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ፌብሩዋሪ 23

ሰባተኛው፣ የመጨረሻው መርፌ። ፉጨቱ ቆሟል። ጆሮዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ አሥር ደቂቃ አዳመጥኩ፤ ምንም የለም። ምንም አለመስማት እንዲህ ደስ ይላል።

አሁን የቀረው መብላቱ ነው። ካለፈው ጃንዋሪ 23 ጀምሮ አንድ አይጥ አልቀመሰም።

ማርች 3፣ እሑድ

አልበላም። ሚዛኑ ከመጀመሪያው አርባ ግራም ጎድሏል። ለዴሊያ በላ ብያታለሁ። ምን ያህል አይጥ? ትልቅ። ስንት ደቂቃ ፈጀበት? አሥራ ሁለት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ ስንቁን አላውቅም፣ ውሸቱ ግን ከአንዱ እሑድ አንዱ ይከብዳል። ያልተበሉትን አይጦች የምጥለው በኦሬሊያ ቆሻሻ ሳጥን ነው፤ የእኔውን ራኩን የሚሉት የሌሊት አውሬ ይበትነዋል።

ማርች 10፣ እሑድ

አሥራ አንድ ደቂቃ! ደስ የሚል ወሬ አላት። እንስሳ የሚፈቅድ ቤት አግኝታለች። ለፋሲካ ሳምንት በአውሮፕላን ትመጣና ጋራዥ በቆመችው አሮጌ መኪናዋ ግሪትስን ይዛው ትመለሳለች። «ከዚህ በኋላ አትቸገርም፣ አባዬ» አለችኝ።

አልቸገርም። አይጥ የለ፣ ፍቅፋቂ የለ፣ ሙቀት የለ። እሑድም የለ።

መኪናዋን ዘይት ቀየርኩላት፣ ፍሬኗን አየሁላት።

ማርች 16፣ ቅዳሜ

ፒንክኒ ጋ ሄድኩ። ደህና ተንፍሶ ለምን አይበላም አልኳት።

«ወንድ ነው አይደል? ጸደይ ነዋ፣ አቶ ሆሊስ። አሁን ዓይኑ ምግብ አያይም፤ ሚስት ነው የሚፈልገው።»

እኔ በሃያ አምስት ዓመቴ እንኳ በዚህ ምክንያት ቁርስ ዘልዬ አላውቅም። ይህን አልነገርኳትም።

«የግድ እንዲበላ ከፈለጉ ግን አንድ ዘዴ አለ» አለች። «በረንዳዎ ላይ አረንጓዴ እንሽላሊት አይጠፋም። አንዱን ይያዙና አይጡን በእሱ ይሹት፤ ከዚያ እንሽላሊቱን ይልቀቁት። ጠረኑን ሲያገኝ ሚስቱን ይረሳል።»

ማርች 17፣ እሑድ

ነገርኳት። ስልኩን ሳነሳ «በላ?» ከማለቷ በፊት ጥዱን፣ ሳንባውን፣ መርፌውን፣ ሰባ ማይሉን፣ ሁለት ወር አለመብላቱን አንድ ትንፋሽ ሳልወስድ ተናገርኩ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። አክስቴ ኦሬሊያ በየመርፌው ማታ ትደውልልኝ ነበር። እንዳልነግርሽ ብሎኛል እያለች ነው የነገረችኝ።»

«ታዲያ በየሳምንቱ ለምን በላ ወይ እያልሽ ታስዋሺኛለሽ?»

«ስትዋሽ ድምፅህ ይቀጥናል። ደግሞ መቼ እንደምትነግረኝ ማየት ፈልጌ ነው። ስድስት እሑድ ፈጀብህ፣ አባዬ።»

ተቆጥታ ይሁን ስቃ አልገባኝም። መብራቱን ከመስኮቱ አወረድኩት።

ማርች 23፣ ቅዳሜ

መጣች። ፀጉሯን አሳጥራለች፤ መዳፏ ገመድ በመሳብ ሻክሯል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ክፍሏ ገባች። ሳጥኑን ከፍታ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው፤ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ከዚያ ምንጣፉን አየች፣ ሙቀቱን አየች፣ ውሃውን አየች።

«ንጹሕ ነው» አለች።

ሐኪሟ በስልክ፣ አንዴ በልቶ ሳያድር መንገድ አታስወጡት ብላለች። ስለዚህ መብላት አለበት። አይጥ አቀረብንለት፤ ፊቱን አዞረ። ዴሊያ ሰኞ እንደገና እንሞክራለን አለች።

የእንሽላሊቱን ዘዴ አልነገርኳትም። ረስቼው ነው።

ማርች 25፣ ሰኞ

አልበላም። ዴሊያ ሐሙስ ልሄድ ነበር፤ እንግዲህ እስኪበላ እቆያለሁ አለች። ማታ ስለ መርከቧ አወራችኝ። ጭጋግ ሲሆን ቀንድ እንደሚነፉ፣ የመጀመሪያ ሳምንቷን ሙሉ እንዳስታወካት፣ ካፒቴኗ የስልሳ ዓመት ሴት እንደሆነች። ጫማሽ ውሃ ያስገባል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ያስገባል» አለች፣ እግሯን አሳየችኝ።

በረንዳው ሙሉ እንሽላሊት ነው ዘንድሮ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው።

ማርች 26፣ ማክሰኞ

ጠዋት ጓሮ ቆማ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ልሰልል አልነበረም፤ ወጥ ቤት መስኮቱ ክፍት ነው።

«እባክሽ፣ ካፒቴን፣ እደርሳለሁ። ... አውቃለሁ፣ ረቡዕ፣ ኤፕሪል ሦስት፣ ካልተገኘሁ ቦታዬን ለሌላ እንደምትሰጪ አውቃለሁ። ... አይደለም፣ አልተውኩትም። ይሄን ሥራ አልተወውም። እባክሽ።»

ልጄ እባክሽ ስትል ሰምቼ አላውቅም፤ ለእኔ ብላ አታውቅም።

እዚህ ልጻፈው። ገና ዕለት፣ ኦሬሊያና የአጎቶቿ ልጆች በተቀመጡበት፣ ነርስነቱን መተዋን ስትነግረን፣ «ጀምሮ መተው የእናቷ ውርስ ነው» አልኩ። ኬኩን እየቆረጥኩ ነው ያልኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ። እሷም ኬኩን ሳትጨርስ ክፍሏ ገባች፤ በሁለተኛው ሳምንት ሲያትል ነበረች።

አሁን ደግሞ ያቺው ልጅ አልተወውም የምትለውን ሥራ በአንድ እንሽላሊት ላስጥላት ነው።

መረብ የለኝም፤ የገለባ ባርኔጣዬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። የመጀመሪያው አመለጠኝ። ሁለተኛው ጭራውን ትቶልኝ ሄደ። ሦስተኛውን ከአበባ ማሰሮ ጀርባ በእንብርክኬ ስጠባበቀው ከመንገድ ማዶ ጎረቤቴ፣ ሆሊስ ጤና ነህ፣ ሰው ልጥራልህ ወይ ሲል ሰማሁት። ጸሎት ላይ ነኝ አልኩት። ያዝኩት።

አይጡን አሸሁት፣ እንሽላሊቱን ለቀቅኩት፣ ዴሊያን ጠራኋት። መቆንጠጫውን እኔ ያዝኩ። ግሪትስ ምላሱን ሁለቴ አወጣ። ከዚያ ዘሎ ያዘው፣ ተጠመጠመበት፣ በጭንቅላቱ በኩል ጀመረ። ዴሊያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ደስ አለኝ፤ እስከ ሐሙስ የቀረውን ቀንም ቆጠርኩ።

«ይህን ከማን ተማርከው?»

«ከፒንክኒ።»

«መቼ?»

ድምፄ እንደሚቀጥን አሁን አውቃለሁ። «አንቺ ከመምጣትሽ ከሳምንት በፊት።»

«እኔ ሦስት ቀን ስቃጠል አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን?»

«ከበላ ትሄጃለሻ።»

ወጥታ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ተከትዬ አልወጣሁም። እባቡ አይጡን እስኪጨርስ ቆየሁ፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀበት። ከዚያ ተከትዬ ወጣሁ። ከጎኗ ተቀመጥኩ።

«ዓርብ ጠዋት ካልወጣሁ አልደርስም» አለች በመጨረሻ። «ብቻዬን ደግሞ በአራት ቀን ተኩል አልነዳውም። የሳጥኑን ሙቀት በየሰዓቱ የሚያይ ሰውም ያስፈልገኛል።»

«ማንን ልፈልግልሽ?»

ዞር ብላ አየችኝ። «አባዬ፣ አንዳንዴ እኮ አንተም ከማሽን ትብሳለህ።»

ማርች 28፣ ሐሙስ

አላስመለሰውም። ሙቀት 85። ኦሬሊያ ሁለት ደርዘን ሳንድዊች፣ አንድ የፒች ኬክ፣ አንድ ብርድ ልብስ አመጣች። ብርድ ልብሱ ለሳጥኑ ነው። «ለቀበቶው አይደለም፤ ለልጅቷ ነው» ትላለች፤ ልጅቷ ግን የራሷ አላት። ነገ አብሬያት እሄዳለሁ፤ የምመለስበትን አላሰብኩም። ዴሊያም አልጠየቀችኝም።

ማርች 31፣ እሑድ፣ ነብራስካ

ፋሲካ ነው። ቤንዚን ማደያ ቆመናል። የሳጥኑ ሙቀት 78። ሜዳው መጨረሻ የለውም፤ ነፋሱ መኪናዋን ይንጣታል።

ዛሬ ጠዋት እሷ ስትነዳ ነገርኳት። መንገዱን እያየሁ ነው የነገርኳት፤ እሷም መንገዱን ነበር የምታየው። ገና ዕለት ያልኩት ልክ አልነበረም አልኳት። እናትሽን ያልተከተልኩት እኔ ነኝ፤ እሷን የተውኳት እኔ ሆኜ ሳለ የመተውን ስም ለአንቺ ሰጠሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። እኔ የማይል ቆጣሪውን አያለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ስምንት ማይል።

«ስምንት ማይል ዝም አልሽ» አልኩ።

«ይቅርታ ስትል ሰምቼህ አላውቅም» አለች። «በአንዴ እንዳያልቅብኝ ነው።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ሬዲዮውን ከፈተች። ጣቢያው አይይዝም ነበር፤ እሷም አላጠፋችው፣ እኔም አልነካሁት።

አሁን ቀድታ ጨርሳለች። ከትናንት ጀምሮ ደክሟታል፤ ዓይኗ ቀልቷል። ቁልፉን በመስኮት በኩል ደብተሩ ላይ ጣለችልኝና ወደ እኔ በር ዞረች። «ተነስ፣ እኔ ልተኛ ነው» አለች። እኔ ልንዳ።